ቡጢ በሬዲዮ፦ ግለቱ ከየት ይመጣል?

ቡጢ በሬዲዮ ሲተላለፍ አድማጩ ዘንድ የሚደርሰው አስተላላፊው የመረጠለት ብቻ ነው። በአንድ የሦስት ደቂቃ ዙር ሁለት ቡጢኞች አንዳንዴ ከመቶ የሚበልጥ ቡጢ ይሰነዛዘራሉ፤ ያንን ሁሉ አንድ ምላስ አይደርስበትም። የትኛው ቡጢ ተጠራ፣ የትኛው ታለፈ፣ ድምፅ የት ላይ ከፍ አለ፣ የት ላይ ዝም ተባለ፤ ቤቱ የተቀመጠውን ሰው ብድግ የሚያደርገው ወይም እንቅልፍ የሚያስይዘው ይኸው ነው። ይህን የምንጽፈው በኤፍ ኤም ጣቢያም ሆነ በኢንተርኔት ሬዲዮ፣ የክለብ ውድድርም ሆነ ትልቅ ግጥሚያ ለማስተላለፍ ለሚዘጋጁ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአማርኛ ስፖርት አድማጭ ጆሮው የተገራው በእግር ኳስ ነው፤ የአስተላላፊውም አንደበት እንዲሁ። የደምሴ ዳምጤን ድምፅ እየሰማ ያደገ ሰው፣ ኳስ ወደ ግብ ክልል በተጠጋች ቁጥር ድምፅም አብሮ እንደሚወጣ ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ይህ ልማድ ወደ ቡጢ ሲመጣ ያስቸግራል። ኳስ ከመሃል ሜዳ ተነስታ ግብ አፍ እስክትደርስ አስተላላፊው ድምፁን የሚያሳድግበት ጊዜ አለው። ቡጢ ግን መምጫውን ሳያሳውቅ ነው የሚያርፈው። ከእግር ኳስ የመጣ አስተላላፊ ይህን ክፍተት ለመሙላት ከመጀመሪያው ደወል ጀምሮ ይጮኻል፤ አምስተኛው ዙር ላይ ዋናው ነገር ሲመጣ የሚጨምረው ድምፅ አልቆበታል። አድማጩም ከሁለት ዙር በኋላ ጩኸቱን ስለለመደው ልዩነቱ አይገባውም።

ግለቱ ከጉሮሮ ይልቅ ከቃላቱ አሰላለፍ እንደሚመጣ የሬዲዮ ቡጢ ገና ከልደቱ አሳይቷል። ኤፕሪል 11፣ 1921 የፒትስበርጉ ኬዲኬኤ ጣቢያ የጆኒ ሬይንና የጆኒ ደንዲን ግጥሚያ አስተላለፈ፤ የተናገረው ፍሎረንት ጊብሰን የሚባል የጋዜጣ ሰው ነበር። በዚያው ዓመት ጁላይ 2 ቀን ጀርሲ ሲቲ ውስጥ ጃክ ዴምፕሲ ከፈረንሳዊው ዦርዥ ካርፓንቲየ ጋር ለከባድ ሚዛን ዋንጫ ሲጋጠም፣ ሪንጉ ዳር ተቀምጦ የተናገረው አንድሪው ዋይት ነበር። የዋይት ድምፅ ግን አየር ላይ አልወጣም። እሱ በስልክ ይናገራል፤ ሆቦከን በሚገኘው ማሰራጫ ያለው ጄ. ኦ. ስሚዝ ደግሞ የሰማውን ተቀብሎ በራሱ አፍ ያሰራጫል። በየአዳራሹና በየቲያትር ቤቱ የተሰበሰበው ሕዝብ ቡጢውን ባላየ ሰው ድምፅ ነው የሰማው፤ ካርፓንቲየ አራተኛው ዙር ላይ ሲዘረርም በዚያው ድምፅ ሰምቶ ጮኸ። ዛሬም መስመር አስቸጋሪ በሆነበት ቦታ ይህ ዘዴ ይሠራል። ሪንግ ዳር ያለው ሰው ሦስት ነገር ብቻ ይላክ፦ ማን፣ በየትኛው እጅ፣ የት ላይ። ስቱዲዮ ያለው ሰው ከዚያ ያለፈ ምንም አይጨምርበት።

እነዚህ ሦስቱ በአማርኛ እንዴት እንደሚባሉ ማሰብ ያስፈልጋል፤ የአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ። «ሉዊስ በቀኝ እጁ የተጋጣሚውን አገጭ መታው» ብላችሁ እስክትጨርሱ ሁለት ተጨማሪ ቡጢ አርፏል። ስለዚህ ቡጢው ሲሰነዘር ግሱን ተዉት፦ «ሉዊስ ቀኝ፣ አገጭ! ግራ፣ ጎን!» ግሱን ለውጤቱ አስቀምጡት፦ «ተንገዳገደ»፣ «ገመድ ያዘ»፣ «ጉልበቱ ከዳው»። አድማጩ ግስ በሰማ ቁጥር አንድ ነገር እንደተለወጠ ይለምዳል፤ ከጥቂት ዙሮች በኋላ ግሱ ራሱ ልብ ያንጠለጥላል።

ሌላው ወጥመድ «መታው» የሚለው ቃል ነው። «መታው፣ መለሰለት፣ እንደገና አገኘው» ሲባል ሪንጉን የሚያይ ሰው ይገባዋል፤ በጆሮው ብቻ የሚከታተል ግን ማን ማንን እንደመታ ከሦስተኛው ቃል በኋላ ይጠፋዋል። ጥቃቱ ከአንዱ ወደ ሌላው በተሻገረ ቁጥር ስም ይጠራ፤ ያው ሰው ከቀጠለ አይደገም። ሁለቱ ቡጢኞች ተመሳሳይ ስም ካላቸው ከደወሉ በፊት ወስኑ፦ አንዱን በስሙ፣ ሌላውን በአባቱ ወይም በቅጽል ስሙ፣ እስከ መጨረሻው ሳትቀያይሩ። ጃብ (በፊተኛው እጅ የሚሰነዘር ቀጥታ ቡጢ)፣ ሁክ (ከጎን የሚመጣ) እና አፐርካት (ከታች ወደ ላይ የሚወጣ) ቡጢ ወዳጁ ዘንድ የታወቁ ስለሆኑ እንዳሉ ይባሉ፤ አንዱን ቡጢ አንዴ ሁክ፣ አንዴ የጎን ምት እያሉ ማፈራረቅ ግን አድማጩን ያደናግራል።

ያልደረሱትም ቡጢዎች ይጠሩ። «ጓንት ላይ»፣ «ክንድ ላይ»፣ «አየር» የሚሉ አጫጭር ቃላት ያረፈውን ቡጢ ክብደት ይሰጡታል። ሁሉም ቡጢ አረፈ ከተባለ ሰውየው ለምን እንዳልወደቀ ለአድማጩ እንቆቅልሽ ይሆንበታል። ሪንግ ዳር ስትቀመጡ ሁለቱን በጆሮ መለየትም ይቻላል፤ ጓንት ላይ ያረፈ በጥፊ መልክ ይጮኻል፣ ሆድና ጎን ያገኘው ደግሞ የታፈነ ድምፅ አለው። የተቀመጣችሁበት ቦታም ወሳኝ ነው። ከሪንጉ ምሰሶ ጀርባ ከሆናችሁ ግማሹን ዙር የምታዩት ምሰሶውንና የዳኛውን ጀርባ ነው። አዘጋጁን ከአንዱ ጎን መሃል ላይ ጠረጴዛ ጠይቁ፤ ካልተገኘ ከፊታችሁ ትንሽ ማሳያ ስክሪን ይኑር።

አድማጩ ሪንጉን በአእምሮው እንዲስል መጀመሪያ ላይ ካርታውን ስጡት። የአማተር ሪንግ በገመዱ ውስጥ በአራቱም ጎን 6 ሜትር ከ10 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ቀይ ጥግ፣ ሰማያዊ ጥግ፣ ሁለት ገለልተኛ ጥጎች አሉት። «ቀዩ ጥግ ከግራችን ነው» ብላችሁ አንዴ ከተናገራችሁ በኋላ «ወደ ሰማያዊው ጥግ ገፋው» የሚለው ብቻውን ምስል ይሆናል። በየሠላሳ ሰከንዱ አካባቢ የሚቀረውን ጊዜ ንገሩ፤ ለዚህ ጠረጴዛው ላይ የራሳችሁ ሰዓት ቆጣሪ ይቀመጥ። «ሃያ ሰከንድ ቀርቶታል» ማለት፣ አንዱ ገመድ ላይ ተደግፎ እየተደበደበ ባለበት ሰዓት፣ ከማንኛውም ጩኸት የበለጠ ልብ ይሰቅላል። ዙሩ ሊያበቃ አሥር ሰከንድ ሲቀረው እንጨት ይንኳኳል፤ ያ ድምፅ አየር ላይ ስለሚሰማ ምን እንደሆነ በመጀመሪያው ዙር ለአድማጩ ይነገረው።

ጁን 22፣ 1938 በኒውዮርክ ያንኪ ስታዲየም የተደረገውን የጥቁር አሜሪካዊው ጆ ሉዊስንና የጀርመናዊው ማክስ ሽሜሊንግን ግጥሚያ ይህን ሥራ የሚጀምር ሁሉ ቢያዳምጠው እንመክራለን፤ ቅጂው ዛሬም አለ። በኤንቢሲ ያስተላለፈው ክሌም ማካርቲ ነበር፤ ድምፁ ሻካራ፣ አንደበቱ በፈረስ እሽቅድምድም የተሳለ ሰው። ወደ 70 ሚሊዮን አሜሪካዊ እንዳዳመጠው ይገመታል። ግጥሚያው የፈጀው 2 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ብቻ ነው፤ ሽሜሊንግ ሦስት ጊዜ ወድቋል። ማካርቲ ሙሉ ዓረፍተ ነገር የሚሠራበት ጊዜ አልነበረውም፤ ቀኝ፣ ግራ፣ ራስ፣ አገጭ እያለ ነው የሄደው፤ ከኋላው የሕዝቡ ድምፅ እያደገ ይመጣል። ዛሬ ስናዳምጠው የምናስተውለው ግን ሌላም ነገር አለ። ያን ሁለት ደቂቃ ያከበደው ከደወሉ በፊት ሁሉም የሚያውቀው ታሪክ ነው። ሽሜሊንግ በ1936 ሉዊስን አሥራ ሁለተኛው ዙር ላይ ዘርሮታል፤ በመሃል የናዚ ጀርመን ጉዳይ ገብቶበታል። አድማጩ ያንን ይዞ ስለጠበቀ የመጀመሪያዋ ቡጢ ላይ ትንፋሹን ያዘ።

ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ ነገር ግልጽ ነው። «ይህን ሦስተኛው ዙር ላይ እናገረዋለሁ» ብላችሁ ያስቀመጣችሁት መረጃ ሦስተኛ ዙር ላይደርስ ይችላል። ከደወሉ በፊት ባሉት ሦስትና አራት ደቂቃዎች አራት ነገሮች መነገር አለባቸው፦ ሁለቱ ማን ናቸው፣ ከዚህ በፊት ተገናኝተው ያውቃሉ ወይ፣ ምን ተይዞበታል፣ እያንዳንዱ በምን ያሸንፋል። የመጨረሻው በጣም ይረሳል፤ ዋናውም እሱ ነው። «ይሄኛው ግራኝ ነው፤ የሚያደርሰው ቀጥታ ግራውን ነው» ከተባለ አድማጩ ሙሉውን ዙር ያችን ግራ ይጠብቃል። ያ መጠበቅ ነው ግለቱ።

ሰው ሲወድቅ ቅደም ተከተሉን አስቀድማችሁ ተለማመዱት፤ በዚያ ሰዓት ማሰብ አይቻልም። መጀመሪያ ማን እንደወደቀ፦ «ሽሜሊንግ ወደቀ!» ከዚያ ሁለት ወይም ሦስት ሰከንድ ዝም፤ አዳራሹ ራሱ ይናገር። ቀጥሎ የዳኛውን ቆጠራ ተከትላችሁ ቁጥር ጥሩ፤ የራሳችሁን አትቁጠሩ፣ ከዳኛው ስለምትፈጥኑ። በቁጥሮቹ መሃል ጉልበቱን፣ ዓይኑን፣ እጁ ገመድ መያዙን ንገሩ። በምን ቡጢ እንደወደቀ የሚነገረው ከተነሳ ወይም ቆጠራው ካለቀ በኋላ ነው። ብዙዎች ይህን ይገለብጡትና ሰውየው መሬት ላይ እያለ የቡጢውን ታሪክ ይተርካሉ፤ አድማጩ ግን የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይነሳል ወይስ አይነሳም።

የቆመውም ሰው የት እንዳለ መባል አለበት። ሴፕቴምበር 22፣ 1927 ቺካጎ ሶልጀር ፊልድ ላይ ዴምፕሲ ጂን ተኒን ሰባተኛው ዙር ላይ ጣለው፤ ግን ደንቡ እንደሚያዘው ወደ ገለልተኛው ጥግ ሳይሄድ አጠገቡ ቆመ። ዳኛው ዴቭ ባሪ ዴምፕሲ እስኪሄድ ቆጠራውን አልጀመረም፤ ተኒ ወደ 14 ሰከንድ ያህል አገኘ፣ ተነሳ፣ በነጥብም አሸነፈ። በሬዲዮ ያስተላለፈው ግራም ማክናሚ ሲሆን፣ በዚያ ዙር ሬዲዮ አጠገብ ልባቸው ቀጥ ብሎ የሞቱ ሰዎች እንዳሉ በወቅቱ ጋዜጦች ጽፈዋል። እንዲህ ያለው ነገር ሲገጥም አድማጩ ቆጠራው ለምን እንደዘገየ ካልተነገረው ደስታውም ንዴቱም ግራ ይገባዋል። ደንቡን በአንድ ትንፋሽ የምትገልጹበት ዓረፍተ ነገር ወረቀታችሁ ላይ ተጽፎ ይቀመጥ፤ ስለ አስገዳጁ የስምንት ቆጠራ (የወደቀው ቶሎ ቢነሳም ዳኛው እስከ ስምንት ይቆጥራል)፣ ከቀበቶ በታች ስለ መምታት፣ ስለ ጭንቅላት ግጭት እንዲሁ።

ወደ ድምፅ መሣሪያው እንምጣ፤ ብዙ ጥሩ ስርጭት የሚበላሸው እዚህ ነው። ጫጫታ ላለበት ቦታ የተሠራው የታወቀው ማይክ ኮልስ 4104 ነው፤ የላይኛው ከንፈር ላይ የሚያርፍ ብረት ስላለው አፍን ሁልጊዜ ከማይኩ 54 ሚሊ ሜትር ላይ ያቆየዋል። ስለዚህ አስተላላፊው ሳይጮህ ይሰማል፤ ጩኸት ለሚገባው ሰዓትም ይተርፈዋል። እሱ ከሌለ የጆሮ ማዳመጫ ያለው ዳይናሚክ ማይክ ይበቃል፤ ከአፍ ሁለት ጣት ርቆ፣ ትንፋሽ እንዳይመታው ትንሽ ወደ ጎን ይሁን። ኮንደንሰር ማይክ አዳራሹን ሁሉ ስለሚለቅም ለአፍ አይሆንም። ለአዳራሹ ሌላ ማይክ ያስፈልጋል፤ ከምሰሶው አጠገብ ሆኖ ወደ ወለሉ የሚያይ ቢሆን የእግር ኮቴውን፣ የቡጢውን ድምፅና የዳኛውን ቆጠራ ይይዛል። በሚክሰሩ ላይ የአዳራሹን ድምፅ ከአስተላላፊው 10 ወይም 12 ዴሲቤል አውርዱት፤ ሰው ሲወድቅ ለሁለት ሦስት ሰከንድ ከፍ አድርጉት፣ ወዲያው መልሱት።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ያበላሻሉ። አንደኛው ጣቢያው ውስጥ ያለው ድምፅ በራሱ የሚያስተካክል መሣሪያ ነው፤ ዝግ ያለውን ያነሳል፣ የሚጮኸውን ይጫናል። ውጤቱ ሹክሹክታና እልልታ እኩል መሆን ነው። ቴክኒሻኑን ለዚያ ሰዓት እንዲያለዝበው አስቀድማችሁ ንገሩት። ሁለተኛው በሞባይል ወይም በኢንተርኔት መተግበሪያ የሚያስተላልፉ ሁሉ የሚገጥማቸው ነው፤ መተግበሪያው ጫጫታ ማጥፊያ አለው፤ ሕዝቡንም ደወሉንም እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ያጠፋቸዋል። አድማጩ ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻውን የሚጮህ ሰው ይሰማል። ማስተካከያው ውስጥ ገብታችሁ አጥፉት። ስርጭቱ ሳይጀመር ደወሉን አስደውሉና ስቱዲዮ ያለው ሰው መስማቱን አረጋግጡ፤ ካልተሰማ በየዙሩ መጀመሪያና መጨረሻ «ደወል!» ማለት የእናንተ ሥራ ነው።

አዲስ አበባ ስቱዲዮ ቁጭ ብሎ ሌላ አገር የሚካሄድ ግጥሚያ ከቴሌቪዥን እያዩ ማስተላለፍ የተለመደ ነው፤ ምንም ነውር የለበትም፣ ሪንግ ዳር ነኝ ብሎ ካልዋሹ በስተቀር። ችግሩ መዘግየቱ ነው። በኢንተርኔት የሚመጣ ምስል ከቀጥታው ብዙ ሰከንዶች ወደ ኋላ ሊቀር ይችላል፤ ውጤቱ በስልክ መልእክት ቀድሞ ስቱዲዮ ከደረሰ አስተላላፊው ፊት ላይ ይነበባል፣ ድምፁም ላይ ይሰማል። ስልኩን ከስቱዲዮ አውጡት። የካሜራ ሰዎች የተደጋገመ ምስል ሲያሳዩ ደግሞ ያንን ቀጥታ መስሏችሁ እንዳትጠሩት፤ ከማሳያው ጥግ ያለውን ሰዓት ካያችሁ ትለዩታላችሁ።

በዙሮች መካከል ያለው አንድ ደቂቃ የሁለተኛው ሰው፣ የተንታኙ ነው። ጁን 18፣ 1941 ሉዊስ ከቢሊ ኮን ጋር ሲጋጠም ዶን ደንፊ የመጀመሪያ ትልቅ ግጥሚያውን ያስተላለፈው በዙሩ ውስጥ ቡጢውን ብቻ እየጠራ ነው፤ በመሃል የሚናገረው ቢል ኮረም ነበር። በክብደት የሚያንሰው ኮን እየመራ ቆይቶ አሥራ ሦስተኛው ዙር ሊያልቅ ሁለት ሰከንድ ሲቀር ተዘረረ። ቢቢሲ ላይም ሬይመንድ ግሌንደኒንግ ዙሩን ሲያስተላልፍ፣ በእረፍቱ የሚተነትነው ባሪንግተን ዳልቢ የቡጢ ዳኛ የነበረ ሰው ነው። ሁለት ሰው ዙሩ ውስጥ እየተቀባበለ ሲናገር ቡጢ ያመልጣል። ተንታኙ ከደወል በኋላ ይግባ፣ ከሃምሳ ሰከንድ ሳያልፍ ይውጣ፤ ዙሩን ለማን እንደሰጠና ለምን እንደሰጠ ከተናገረ ይበቃዋል።

ነጥብ ላይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ አድማጩ አእምሮ ውስጥ ያለው የነጥብ ወረቀት የእናንተ ድምፅ ነውና። ኦገስት 30፣ 1937 ዌልሳዊው ቶሚ ፋር ከሉዊስ ጋር አሥራ አምስቱን ዙር ጨርሶ በነጥብ ተሸነፈ፤ ሌሊቱን ሬዲዮ ላይ ተጥደው ያደሩት የአገሩ ሰዎች ግን ብዙዎቹ ልጃችን አሸንፏል ብለው ነበር። ለአገር ልጅ ድምፅ ሳይታወቅ ይሞቃል፤ የሱ ጃብ ይጠራል፣ የተጋጣሚው ይዘለላል። መድኃኒቱ እርሳስና ወረቀት ነው። ንጹሕ ሆኖ ባረፈ ቡጢ ቁጥር ለሁለቱም ጭረት አድርጉ፤ ዙሩ ሲያልቅ ለበለጠው 10፣ ለሌላው 9 ብላችሁ ጻፉ፣ የጻፋችሁትን አንብቡ። ድምፃችሁና ወረቀታችሁ ከተለያዩ ወረቀቱን እመኑ።

ስም መሳሳትም አለ። ያ ታላቅ ማካርቲ በ1947 የፕሪክነስ ፈረስ ውድድር ላይ እይታው ተጋርዶበት ያላሸነፈውን ፈረስ አሸነፈ ብሏል። ቡጢ ውስጥ ይህ የሚመጣው ሁለቱ ሲተቃቀፉና ሲዞሩ ነው። ከጥግ ቀለም በተጨማሪ ሌላ መለያ ያዙ፦ የቁምጣ ቀለም፣ የጫማ ቀለም፣ ቁመት፣ የሚያስቀድመው እጅ። ከተሳሳታችሁ በሚቀጥለው ቃል አርሙ፦ «ሉዊስ አይደለም፣ ኮን ነው»፤ ይቅርታውን ለእረፍቱ አቆዩት።

አንድ ሰው እጁን አውርዶ ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ መልስ የማይሰጥ ከሆነ ድምፃችሁን አውርዱ። ማርች 24፣ 1962 ቤኒ ፓሬት ከኤሚል ግሪፍዝ ጋር አሥራ ሁለተኛው ዙር ላይ ጥግ ላይ እንደዚያ ተደብድቦ ከአሥር ቀን በኋላ ሞቷል፤ ሕዝቡ በቴሌቪዥን ቀጥታ ያየው ነበር። በእንዲህ ያለ ሰዓት የሚነገረው ዳኛው የት እንደቆመ፣ ሐኪሙ መግባቱን፣ ሰውየው ዓይኑን መግለጡን ነው። ቤተሰቡ እያዳመጠ ሊሆን ይችላል። ስለ ጉዳቱ መጠን ከሐኪም ያልሰማችሁትን አትገምቱ።

ውጤቱ ሲነበብ ደግሞ ከአንባቢው ጋር አትሽቀዳደሙ። የነጥብ ዳኞቹን ቁጥር እስኪጨርስ ዝም ብላችሁ ጻፉ፣ የአዳራሹን ማይክ ክፍት ተዉ፣ የዳኛው እጅ የማንን ክንድ እንዳነሳ ካያችሁ በኋላ ስሙን ጥሩ። ቀጥሎ ዙሩንና ሰዓቱን፣ በዝረራ ወይም በነጥብ መሆኑን፣ በነጥብ ከሆነም በሙሉ ወይም በአብላጫ ድምፅ መሆኑን ድገሙት፤ ሬዲዮውን አሁን የከፈተ አለ። ከቡጢኛው ጋር ቃለ ምልልስ ካገኛችሁ ማይኩን ከእጃችሁ አትልቀቁ፤ ትንፋሹ እስኪረጋ ግማሽ ደቂቃ ስጡትና ስለ አንድ ዙር፣ ስለ አንድ ቡጢ ጠይቁት። «ምን ተሰማህ» ከሚለው ይልቅ «ስድስተኛው ዙር ላይ ያቺ ግራ ስታገኝህ አይተሃት ነበር?» የሚለው መልስ ያስገኛል። ለአሥራ ሁለት ዙር የተያዘው የአየር ሰዓት በመጀመሪያው ዙር ቢያልቅ ቀሪውን ጊዜ ማን፣ በምን እንደሚሞላው ደግሞ ከስቱዲዮው ጋር ጠዋት ላይ ተስማሙ።